ብልቃጡ ውስጥ የቀረችው ወረቀት

ዱሉዝ፣ ሚኒሶታ
ኖቬምበር 9 ቀን 1983

ውድ ኖኤላ፣

ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ሁለተኛው አልደረሰኝም ብዬ ልዋሽ አስቤ ነበር፤ ግን ሦስተኛው ላይ «ምናልባት ሁለተኛው ካልደረሰዎት» ብለሽ ሙሉውን ደግመሽ ስለ ጻፍሽው ማምለጫ አሳጣሽኝ። ተማሪዬ በነበርሽ ጊዜም እንዲሁ ነበርሽ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እኛ ደህና ነን። ማሪት ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ መውጣት ትታለች፤ አልጋችንን ታች አወረድነው። ሐይቁ ገና በረዶ አልያዘም። ሙዚየሙ ጡረታ ቢያወጣኝም ቁልፉን አልተቀበለኝም፤ በሳምንት ሦስት ቀን እየሄድኩ ከነፍሳቱ ጋር እቀመጣለሁ። አዲሱ ኃላፊ ባየኝ ቁጥር «ፕሮፌሰር ሃልቨርሰን፣ ዛሬም መጡ?» ይለኛል። «ምን ላድርግ፣ እነሱ ወደ እኔ አይመጡ» እለዋለሁ። እሱ ይስቃል። እኔም አብሬው ጥርሴን አሳያለሁ።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ነገር ልምጣ። የሲግኔን ብልቃጥ እንድልክልሽ ፈልገሻል። ኖኤላ፣ ያ ብልቃጥ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ውስጡ ያለው አንድ ወንድ ነፍሳት ብቻ ነው፤ ቀይ ወረቀት የተደረገበት፣ ስሙ የቆመበት ዋናው ናሙና። እሱ ቢጠፋ ስሙም ምስክር የለውም። እኔ ሰየምኩት፣ አንቺ ሥዕሉን ሣልሽው፣ በ1970 ታተመ፤ ልጄ ሲግኔ ከሞተች በዓመቱ ማለት ነው። ሥዕልሽ ዛሬም ወጥ ቤታችን ውስጥ ከምግብ ጠረጴዛው በላይ ተሰቅሏል። ማሪት እንግዳ ሲመጣ «ይቺ ሲግኔ ናት» ትላለች። በሲግኔ ስም የተጠራ ነፍሳት ነው አትልም።

ስለዚህ ሥዕሉ አይበቃሽም? የገዛ እጅሽ ሥራ ነው፤ የክንፉን ጅማት አንድ በአንድ ቆጥረሽ ነው የሣልሽው። ለምንድን ነው ዋናውን የፈለግሽው? በሦስቱም ደብዳቤዎች ላይ ይህንን ብቻ አልነገርሽኝም።

ማሪት ሰላም ብላሻለች።

ኦርቪል ሃልቨርሰን


ሪሙስኪ፣ ኩቤክ
ኖቬምበር 27 ቀን 1983

የተከበሩ ፕሮፌሰር፣

ለእርስዎም ለወይዘሮ ማሪትም ጤና ይስጥልኝ። ጉልበታቸው እንዴት ሆነ? እዚህ በረዶው ገብቷል፤ ወንዙም ዳር ዳሩን መያዝ ጀምሯል።

ለምን እንደፈለግኩት አልነገርኩዎትም፤ ፈርቼ ነው። በስልክ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወይዘሮ ማሪት አነሱት፤ ስለ አየሩ አውርተን ዘጋሁት።

እንደሚያውቁት የቤት ሠሪዎቹን፣ ትላቸው ወንዝ ውስጥ ቤት የሚሠራውን ነፍሳት፣ የዘር ሐረግ እየሣልኩ ነው፤ ማን ከማን እንደሚዛመድ፣ የትኛው ቅርንጫፍ ከየትኛው እንደ ወጣ። አርባ አንዱ ዝርያዎች በሥርዓት ገብተውልኛል። በሲግኔ ስም የሰየሙት ሲግኔኤ ብቻ አልገባ አለኝ። በክንፉ ስሄድ አንድ ቦታ ይወድቃል፣ በእግሩ ስሄድ ሌላ ቦታ። ከአሮጌዋ ዝርያ ከቦሪያሊስ ጎን ሳስቀምጠው ደግሞ ከክንፉ በቀር ልዩነት አጣለሁ። ያም ሆኖ ቦሪያሊስ አጭር ክንፍ ያላት፣ መብረር የማትችል፣ ድንጋይ ላይ የምትድህ ናት። የእርስዎ ሲግኔኤ ረጅም ክንፍ አለው።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት አንዲት ቦሪያሊስ እንቁላል ስትጥል ይዤ እንቁላሉን እቤት ወሰድኩ። ቀዝቃዛው ጓዳ ውስጥ፣ ውሃ በሚፈስባቸው ሳህኖች፣ ዓመት ሙሉ አሳደግኳቸው። ትሎቹ ከጠጠርና ከስንጥር ቤታቸውን ሲሠሩ እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ አየቻቸው። «እነዚህ ከተፈለፈሉ ሳምንት ሳይሞላቸው የራሳቸውን ቤት ሠሩ፤ አንቺ በሠላሳ ስድስት ዓመትሽ ኪራይ ቤት ውስጥ ነሽ» አለችኝ።

በጁን ክንፍ አወጡ። ሠላሳ አንድ ናቸው። አሥራ አራቱ ባለ አጭር ክንፍ ሴቶች፤ ሁሉም ቦሪያሊስ። አሥራ ሰባቱ ባለ ረጅም ክንፍ ወንዶች። ሥዕሌን አውጥቼ ከጎናቸው አስቀመጥኩት። አሥራ ሰባቱም ሲግኔኤ ናቸው፤ ሠላሳ አንዱም ከአንድ እናት የወጡ ወንድምና እህት።

በ1911 ሴቷን ቦሪያሊስ ብሎ የሰየመው ሰው ወንዱን አላየም። እርስዎ ደግሞ ወንዱን ሲሰይሙ ሴቷን አላዩም። በእኛ ሙያ ያልደረሰበት ሰው የለም፤ ባልና ሚስትን የሁለት አገር ሰው ማድረግ ማለት ነው። ሕጉን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ነው፤ ግን መጻፍ አለብኝ። አንድ ፍጡር ሁለት ስም ካለው ቀዳሚው ይጸናል፣ ኋለኛው ይወድቃል። የሚወድቀው ሲግኔኤ ነው።

የሰየመው ሰው በሕይወት እያለ ስሙን ሌላ ሰው አይጥልበትም፤ ራሱ እንዲጥለው ቅድሚያ ይሰጠዋል። ይህንን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሥራዬን ማርች መጨረሻ ላይ ለመጽሔቱ አስረክባለሁ። እርስዎ ካሳተሙት የእርስዎን እጠቅሳለሁ። ዋናውን ናሙና የፈለግኩት እኔው ተሳስቼ እንደሆነ ለማየት ነው። ብሳሳት ደስ ይለኛል።

ሲግኔ ጓደኛዬ ነበረች። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ኖኤላ ቲቦዶ


ዱሉዝ
ዲሴምበር 18 ቀን 1983

ውድ ኖኤላ፣

«ደብዳቤዬን ሲያነቡ ምን ተሰማዎት?» ብለሽ ከደብዳቤው በኋላ በላክሽው ካርድ ላይ መጠየቅሽ ደግነት ነው። ምንም አልተሰማኝም። አንብቤ ስጨርስ ምሳ በላሁ፤ ከትናንት የተረፈ ድንችና ሥጋ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለዓሣው እራት ወንበር ደረደርኩ። መቶ ሃያ ወንበር። ሰው ሁሉ በየዓመቱ ያንን ዓሣ እያማረረ ይበላል፤ እኔ ዘንድሮ ጣዕሙ አልመጣልኝም፣ መጥፎነቱም ጭምር።

ሥራሽ ንጹሕ ነው። ግን እንደ መምህርሽ የምጠይቀው አለ። ያ እንቁላል የአንዲት እናት ለመሆኑ ምን ታውቂያለሽ? አንድ ድንጋይ ላይ ሁለት ሴቶች ይጥላሉ። አንዷ ቦሪያሊስ፣ ሌላዋ እስካሁን ያልታየችው የሲግኔኤ ሴት ልትሆን ትችላለች። አንድ ጊዜ የታየ ነገር ማስረጃ አይሆንም። አሥር አምጪልኝ።

ይህንን ቃል ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ በረዶ ልጠርግ ወጣሁ። ጎረቤታችን አርኒ በመስኮት ብቅ ብሎ «ፕሮፌሰር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን የእኔን ደጅ ነው እኮ የሚጠርጉት» እስኪለኝ ድረስ አላወቅኩም። ሙሉውን ጨርሼለት ገባሁ።

ኖኤላ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ተይው። ለእኔ ብዬ አይደለም። ማሪት አትችለውም። አንድ ልጅ ነበረችን። ከእሷ የተረፈን አንድ ሣጥን ልብስ፣ ሁለት አልበም ፎቶና በመጽሐፍ የታተመ ስም ነው። ልብሱን ብል በላው። ስም ግን አይበላም እያለች ነው የምትጽናናው። እሷ በሕይወት እስካለች ብቻ ተይው፤ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊ። ቤት ሠሪዎቹ እንደሆኑ አይቸኩሉም።

መልካም ገና።

ኦርቪል


ሪሙስኪ
ጃንዋሪ 22 ቀን 1984

የተከበሩ ፕሮፌሰር፣

ብልቃጡ በደህና ደርሷል፤ በሱፍ ካልሲ ጠቅልለው በመላክዎ ሳልስቅ አልቀረሁም። ይላኩልኛል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። «አይተሽ መልሺልኝ፤ ምንም አትጠይቂኝ» ብለዋል። መጠየቄ ግን አይቀርም፤ ምክንያቱን ሲያነቡ ይገባዎታል።

ወንዱ ቁርጥ የእኔዎቹን አሥራ ሰባቱን ነው፤ አልተሳሳትኩም። ይህንን በአንድ መስመር ጽፌ ላበቃ ነበር።

ግን መልሼ ልከድነው ስል ጥጡ ሥር የተጠቀለለ ነገር አየሁ። ያኔ ሥዕሉን ስሥል ብልቃጡን አልሰጡኝም ነበር፤ ነፍሳቱን በሳህን አድርገው ነበር ያመጡልኝ። ስለዚህ አይቼው አላውቅም። በመርፌ ጫፍ አወጣሁትና ዘረጋሁት። የጣት ጥፍር የምታህል መለያ ወረቀት ናት፤ በእርሳስ የተጻፈች፤ አልኮሉ አልነካትም። የእጅ ጽሕፈቱን ሳላነብ ነው ያወቅኩት።

እርስዎ «መለያ ወረቀት ማስታወሻ ደብተር አይደለም፤ ቦታ፣ ቀን፣ የያዘው ሰው፣ በቃ» እያሉ ሁላችንንም ይቆጡን ነበር። ሲግኔ ብቻ አልሰማ ብላ ደቃቅ አድርጋ ትሞላው ነበር። ይቺኛዋ እንዲህ ትላለች፦

«ወንድና ሴት ተጣብቀው፣ አንድ ድንጋይ ላይ። ወንዱ ስም የሌለው፤ ሴቷ ቦሪያሊስ። አንድ ናቸው!! አባዬ ‹አሥር ጥንድ አምጪ› ይላል። ነገ። 11 ጁን 69። ሲ.ሃ.»

ሲግኔ ወንዝ ውስጥ የሞተችው ጁን 12 ነው።

ፕሮፌሰር፣ ሴቷ የት አለች? ጥንድ ከሆኑ አብራው መሆን ነበረባት። ሴቷን አላየሁም ብለው ነው ያሳተሙት። እኔም ባለፈው ደብዳቤዬ አላዩም ብዬ ጻፍኩልዎ፤ እርስዎ ዝም አሉኝ።

መልስዎን እጠብቃለሁ። ካልጻፉልኝም አልቀየምም።

ኖኤላ


ዱሉዝ
ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1984

ውድ ኖኤላ፣

ሴቷ እቤት ናት። የጠረጴዛዬ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ በራሷ ብልቃጥ። በየዓመቱ አልኮሏን እለውጥላታለሁ።

የሆነውን እጽፍልሻለሁ፤ በቅደም ተከተል እንጂ ሌላ መንገድ አላውቅም።

ጁን 11 ማታ ልንበላ ስንቀመጥ ሲግኔ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ርሶ ገባች። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ብልቃጡን ከሳህኔ ጎን አስቀምጣ «አባዬ፣ ጉድህ ፈላ! ስም ልታወጣለት የነበረው እንግዳህ የአሮጌዋ የቦሪያሊስ ባል ሆኖ ተገኘ!» አለችኝ።

«አንድ ጥንድ ማስረጃ አይሆንም» አልኳት። «ቤት ሠሪ አንዳንዴ ተሳስቶ የሌላ ዝርያ ሴት ላይ ይወጣል።»

«ሰውም እኮ ይሳሳታል። እማዬን አታያትም፣ አንተን አግብታ ቀረች!»

ማሪት ጀርባዋን ሰጥታን ዕቃ እያጠበች ነበር። ቧንቧው ይፈስ ስለነበር የሰማች አይመስለኝም። እኔ አልሳቅኩም፤ በሥራ ጉዳይ ቀልድ አልወድም ነበር። «አሥር ጥንድ አምጪልኝ፤ ያኔ በስምሽ አሳትምልሻለሁ» አልኳት።

«አሥር?»

«አሥር።»

«እንዲህ ከሆነ ነገ አመጣልሃለሁ፤ ከዚያ ኮፍያህን አውልቀህ ይቅርታ ትጠይቀኛለህ» ብላኝ ምግቡን ቆማ ጎርሳ ወጣች። ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ስነሳ መኪናዋ አልነበረም። የቀረውን ታውቂዋለሽ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእኛ ኋላ ተቀምጠሽ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። አሥር ማለቱ ለእኔ ልማድ ነበር፤ ለተማሪ ሁሉ እለው ነበር። ሦስት ብላት ምናልባት ውሃው እስኪጎድል ትጠብቅ ነበር፤ አላውቅም። ይህንን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ አሁን ሳስበው የሌላ ሰው ሒሳብ የምሠራ ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት ክረምት ብልቃጡን ከፈትኩት። ሁለቱ እንደ ተጣበቁ ነበሩ። አንድ ናቸው ብል ስማቸው ቦሪያሊስ ነው፤ ለእሷ የሚተርፍ ነገር የለም። ሁለት ናቸው ብል ግን ወንዱ ስም የለውም፤ ስም ልሰጠው እችላለሁ። በመቆንጠጫ ለያየኋቸው። ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር ወይ ብትይኝ እንዲህ እልሻለሁ፤ ማስረጃ አልነበረኝም። አሥሩን ጥንድ ማንም አላመጣልኝም።

ወረቀቷን ግን መጣል አቃተኝ። በእኛ ሥራ ነፍሳቱ ይበሰብሳል፣ ብልቃጡ ይሰበራል፣ መለያ ወረቀት ግን አይጣልም፤ ስህተት ቢሆንም አይጣልም፤ እርማቱ ከጎኑ ይቀመጣል እንጂ። ሁለት ጊዜ ምድጃው አፍ ላይ ቆሜ እጄ እሺ አላለኝም። ሌላውን ሁሉ ሕግ ጥሼያለሁ፣ ያንን አልቻልኩም። ስለዚህ ጠቅልዬ ከጥጡ ሥር ከተትኳት።

ለምን እንደላክሁልሽ አትጠይቂኝ። ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ፖስታ ቤት ወስጄ ሰጠሁ፤ ተመልሼ ተኛሁ።

ማሪት አታውቅም። ለአሥራ አራት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ። እኔ ነኝ ወንዝ የላክኋት ብዬ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እነግራታለሁ? የእሷ ሥዕል በተሰቀለበት? አሁንም ተይው እልሻለሁ። ግን እንደ መምህር ሆኜ አይደለም የምልሽ፤ ያንን መብት አጥቻለሁ። ጠላሽኝ ወይ?

ኦርቪል


ሪሙስኪ
ማርች 25 ቀን 1984

የተከበሩ ፕሮፌሰር፣

አልጠላሁዎትም። ለመጥላት ስሞክር ሳምንት አለፈኝ፤ አልሆነልኝም። ስለዚህ ነው የዘገየሁት።

የዘር ሐረጉን ትናንት ለመጽሔቱ ላክሁ። ከቦሪያሊስ ጎን አንድ ቅርንጫፍ በነጠብጣብ አስምሬ ጥያቄ ምልክት አድርጌበታለሁ። ግርጌ ላይ «ሲግኔኤ ገና አልተመረመረም» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ነው፤ በሙያዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው ውሸት። ሠላሳ አንዱ ቤት ሠሪዎቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። ቃልዎን ጠብቄያለሁ፤ ወይዘሮ ማሪት እስካሉ ድረስ አልነካውም።

እኔም ያልነገርኩዎት አለኝ። በዚያ ምሽት ሲግኔ ደውላልኝ ነበር። «ነገ ወንዝ እንሂድ፤ ሁለት መረብ ያስፈልገኛል» አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። «ሥዕል ላይ ነኝ፣ አባትሽ ቸኩሏል» አልኳት። «አባቴ መቼ ቸኩሎ ያውቃል?» ብላኝ ስቃ ዘጋችው። ሁለት መረብ ለምን እንዳስፈለጋት ያወቅኩት በጃንዋሪ፣ ወረቀቷን ሳነብ ነው። አሥር ጥንድ በአንድ ሰው እጅ አይያዝም፤ አንድ ሰው ድንጋዩን ሲያነሳ ሌላው ከታች መረብ መዘርጋት አለበት። እናም ብቻዋን ልትይዝ ሞክራለች። ይህንን የጻፍኩልዎ ሸክሙን እንዲካፈሉኝ አይደለም፤ ስለ እርስዎ ካወቅኩ ስለ እኔም ይወቁ ብዬ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። በግልጽ ካልነገርኩዎ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሲግኔ አንድ ናቸው አለች። እርስዎ በገዛ ስሟ ሁለት ናቸው ብለው አሳተሙባት። መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው ሁሉ ስሟን የሚያገኘው ትክክል አልነበረችም የሚለው ገጽ ላይ ነው። በዓለም ላይ ያላት አንድ የታተመ ስም እሱ ነው።

እናቴ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ትላለች፤ እኔ ግን ራሱ እያደረ ሲጠራ አይቼ አላውቅም። ሁልጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ ነው።

ወንዱንና ወረቀቷን መልሼ ልኬያለሁ። ካልሲዎን አጥቤዋለሁ፤ ቀዳዳውንም ሰፍቼዋለሁ።

ኖኤላ


ዱሉዝ
ኤፕሪል 29 ቀን 1984

ውድ ኖኤላ፣

«ወይዘሮ ማሪት እንዴት ናቸው?» ብለሽ ስትደውዪ አንስቼ ደህና ናት ብዬ ዘጋሁብሽ። ደግ አላደረግኩም። በስልክ ለማውራት ስለሚያቅተኝ ነው፤ አሁን እጽፍልሻለሁ።

በፋሲካ ማግስት ነገርኳት። ቁርስ ላይ ነበርን። ሁለቱን ብልቃጦች ከመሳቢያ አውጥቼ ከዳቦው ጎን አስቀመጥኳቸውና አንድ ባንድ ነገርኳት፤ ለአንቺ እንደጻፍኩልሽ፣ በቅደም ተከተል። ስጨርስ ዳቦዋን ቅቤ እየቀባች ነበር። ቀብታ ጨረሰች።

«አሥር ጥንድ ነው ያልካት» አለችኝ።

«አዎ።»

«እሷ ‹ሰውም እኮ ይሳሳታል፣ አንተን አግብታ ቀረች› አለችህ። እኔ ሣቄን አፍኜ ድስቱን እፈገፍግ ነበር። ብስቅ ትናደዳለህ ብዬ።»

«ሰምተሽ ነበር?»

«ኦርቪል፣ ወጥ ቤቱ ሦስት እርምጃ ነው።»

«ለምን ዝም አልሽኝ ታዲያ? አሥራ አራት ዓመት?»

«አንተ እስክትነግረኝ። እኔ ባነሳው ወቀሳ ይሆናል። አንተ ብታነሳው ወሬ ይሆን ነበር።» ዳቦዋን ነከሰች። «መጀመሪያ ዓመት በየቀኑ ጠበቅኩህ። ከዚያ በየእሁዱ። ከዚያ ተውኩት። ያንን ሥዕል የሰቀልኩት ቀና ብለህ ስታየው ትናገራለህ ብዬ ነበር። አንተ ወንበርህን አዙረህ ጀርባህን ሰጠኸው።»

እውነቷን ነው። ወንበሬን ያዞርኩት ብርሃን ዓይኔን ስለሚወጋኝ ነው ብዬ ነበር፤ ያ መስኮት በሰሜን በኩል ነው፣ ፀሐይ ገብቶበት አያውቅም።

ካንቺ የመጣውንም ነገርኳት፤ ስሙ መውደቅ እንዳለበት። ያስለቅሳት ይሆናል ብዬ መሐረብ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር። «አንድ ናቸው ብላ ነበር አይደል?» አለች። አዎ አልኳት። «አንድ ሆነው ተገኙ?» አዎ። «እንዲህ ከሆነ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። እኔ ነኝ መሐረቡን ያወጣሁት፤ ግን ምንም አልመጣም፤ ይዤው ቁጭ አልኩ። እሷም ሳህኖቹን አነሳች። ማታ ወንበሬን መልሳ አዙራው አገኘሁት። ተቀመጥኩበት።

የጻፍኩትን ግልባጭ አያይዤልሻለሁ። ለመጽሔቱ ማክሰኞ ልኬዋለሁ፤ ግማሽ ገጽ ነው፦ ሲግኔኤ፣ ሃልቨርሰን 1970፣ ከቦሪያሊስ 1911 ጋር አንድ ነው፤ ቀዳሚው ስም ይጸናል። ማስረጃው በኖኤላ ቲቦዶ ያደጉ ሠላሳ አንድ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ይህንን መጀመሪያ ያወቀችው ሲግኔ ሃልቨርሰን ናት፤ ጁን 11 ቀን 1969፣ ጥንዱን ይዛ። ደራሲው ያኔ አልተቀበላትም፤ ሴቷንም ከወንዱ ለይቶ አስቀርቷል። አዘጋጁ «የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የግድ ነው ወይ?» ብሎ ደውሎልኛል። የግድ ነው አልኩት። አንቺም ያን ነጠብጣብ ከሥዕልሽ ላይ አጥፊው፤ ገና አልታተመም።

ስለ መረቡ የጻፍሽልኝን ለማሪት አነበብኩላት። «ያቺ ልጅ በበጋ ትምጣ፤ አልጋ አለን» በልልኝ ብላለች። እኔም ብትመጪ ደስ ይለኛል፤ ደስታው የሚሰማኝ ሲደርስ ይሁን አይሁን ግን አላውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ማሪት ሥዕሉን ስታየው ቆይታ «ሴቷስ ሥዕል የላትም?» ብላኛለች። የላትም። ስለዚህ ሁለቱንም ብልቃጥ ልኬልሻለሁ፤ በዚያው ካልሲ። ሴቷን ሣዪልን፤ በወንዱ ልክ አድርጊው፣ ከጎኑ ይሰቀላል። ስትጨርሺ ሁለቱን በአንድ ብልቃጥ ክተቻቸው፤ ለያይቼ ካስቀመጥኳቸው ወዲህ እኔ እጄን አላምንም። ቀዩ ወረቀት ይቆይ። ስሙ ቢወድቅም ምስክሩ ይቀመጣል።

የሲግኔንም ወረቀት አብረሽ ክተቻት፤ ጥጡ ሥር አይደለም፣ መስታወቱ ጋ፣ ከውጭ እንድትነበብ። ጀርባዋ ባዶ ነበር። በእርሳስ አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ። መለያ ወረቀት ማስታወሻ ደብተር አይደለም እያልኩ ስቆጣችሁ የኖርኩትን አልረሳሁትም፤ ለዚህ አንድ ጊዜ ታገሺኝ። እንዲህ ይላል፦

«አንድ ጥንድ በቂ ነበር። አባዬ።»

ኦርቪል